ጠበል የነካው ቀለበት

(ስለ ልደት ድንጋይና ስለ ልደት አበባ በቅርቡ ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ስለጠየቁኝ እንደተናገርኩት አድርጌ ጻፍኩት።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ በጣም ደስ ብሎኛል።

በአንድ የስልክ ጥሪ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እሁድ ጠዋት፣ አክስቴ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። "ልጄ፣ የሰጠሽኝ ቀለበት ዓይኑ ጠፋ" አሉኝ። ፈርጡ ወልቆ የወደቀ መስሎኝ "አይዞዎት፣ ሌላ እሠራልዎታለሁ" አልኳቸው። "አልወደቀም። እዚሁ ጣቴ ላይ ነው። ግን ሞቷል" አሉ።

ቀለበቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ብርና ወርቅ እሠራለሁ። አክስቴ 60 ዓመት ሲሞላቸው አንድ ነገር ልሠራላቸው ፈለግኩ። የተወለዱት ጥቅምት ውስጥ ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር መሆኑ ነው። ፈረንጆች ለየወሩ የልደት ድንጋይ ብለው ዕንቁ መድበዋል፤ የኦክቶበር ድንጋይ ደግሞ ኦፓል ነው ይባላል። ስለዚህ ከወሎ የመጣ ኦፓል መረጥኩ፣ በብር ቀለበት ላይ አስገባሁትና "ይሄ የልደትዎ ድንጋይ ነው" ብዬ ጣታቸው ላይ አደረግኩላቸው። ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት ቀይ ይላል። መለስ ሲያደርጉት አረንጓዴ። ትንሽ ዘንበል ሲል ደግሞ አመድ የሸፈነው ፍም ይመስላል። ያን ሰሞን ቡና በተፈላ ቁጥር ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳዩ ነበር የሚውሉት።

ከዚያ ጠበል ሄዱ። ሦስት ቀን ሲጠመቁ ቀለበቱን አላወለቁትም። በሦስተኛው ቀን ቢያዩት ቀዩም የለም፣ አረንጓዴውም የለም። ድንጋዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ከሥሩ ያለው ብር ይታያል። አጠገባቸው የነበሩ አንዲት ሴት "ጠበሉ አጋለጠው፤ ይሄ ድንጋይ ደግ አይደለም" አሏቸው። አክስቴ ሌሊቱን አልተኙም።

በዚያው ቀን ሄጄ ቀለበቱን ተቀበልኳቸው። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የወሎ ኦፓል አብዛኛው ውሃ ይጠጣል። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃው በእነሱ ይገባና ድንጋዩ ይጠራል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ሲደርቅ ይመለሳል። ቀለበቱን ከፀሐይ ራቅ አድርጌ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ቀን ወተት ጠብ ያለበት ውሃ መሰለ፣ ነጣ፣ ደበዘዘ። ይህን ጊዜ የማያውቅ ሰው ካየው በቃ ተበላሸ ነው የሚለው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጠርዙ በኩል አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብቅ አለች። ማታ ላይ ቀዩ መጣ። ወስጄ ጣታቸው ላይ መልሼ አደረግኩላቸው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። የልደት ወርዎ ድንጋይ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ውሃ ይጠጣል ብዬ ግን አልነገርኳቸውም። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ስለ ልደት ድንጋይና አበባ በቁም ነገር ማንበብ የጀመርኩት። ሰው ስለ ድንጋዩ የሚያወራውና ድንጋዩ ራሱ የሆነው ነገር፣ ሁለቱም አብረው መነገር አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የማወራውም ይህንኑ ነው።

አሁን የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። አክስቴ ላይ የደረሰው ነገር አውሮፓ ውስጥ ከመቶ ዘጠና ምናምን ዓመት በፊት በልብወለድ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1829 ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት ባሳተመው አንድ ልብወለድ ውስጥ ኦፓል የምታደርግ ሴት አለች። ድንጋዩ ላይ የተባረከ ውሃ ጠብ ሲልበት ብርሃኑ ይጠፋል፣ ሴትየዋም ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። ኦፓል ገደቢስ ነው የሚለው ወሬ ከዚያ በኋላ በጣም እንደተስፋፋ ይነገራል። ኦክቶበር ካልተወለድክ ኦፓል አታድርግ የሚባለውን ዛሬም ደንበኞቼ ይጠይቁኛል። ወሬውን ለማብረድ ከረዱት ሰዎች አንዷ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ኦፓል ትወድ ነበር፣ ለሴት ልጆቿም ትሰጥ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ኦፓል የተከበረ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ እሱ ሲጽፍ የሌሎቹን ድንጋዮች ሁሉ ቀለም አንድ ላይ ይዟል ይላል፤ የቀዩን እሳት፣ የአሜቴስጢኖስን ወይን ጠጅ፣ የመረግድን አረንጓዴ። ኖኒየስ ስለሚባል የሮም ሹምም ያወራል። የሮም መሪ የነበረው ማርክ አንቶኒ ኦፓሉን ፈለገበት። ሰውየው አልሰጥም አለ። ሀብቱን ሁሉ ጥሎ ቀለበቱን ብቻ ይዞ ተሰደደ።

እሺ፣ ታዲያ ኦፓል ለኦክቶበር፣ ሰንፔር ለሴፕቴምበር ያለው ማነው? ብዙ ሰው ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ ይመስለዋል። ሥሩ እውነትም የቆየ ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 28ን ክፈቱ። በአሮን የደረት ኪስ ላይ በአራት ተራ 12 ዕንቁዎች አሉ፣ ለእያንዳንዱ የእስራኤል ነገድ አንድ። ራእይ ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር 12 መሠረቶች አሉት፤ ኢያስጲድ፣ ሰንፔር፣ ኬልቄዶን፣ መረግድ እያለ እስከ አሜቴስጢኖስ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው እነዚህን ስሞች ድንጋዮቹን ሳያያቸው በፊት በጆሮው ያውቃቸዋል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ሰንፔርን በዓይኔ ያየሁት ስሙን ከሰማሁ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ የአሮንን 12 ድንጋዮች ከ12ቱ ወራትና ከ12ቱ ከዋክብት ጋር አያያዛቸው። መንገዱ የተከፈተው እዚያ ላይ ነው። ግን ለረጅም ዘመን ልማዱ የተወለድክበትን ወር ድንጋይ አድርግ የሚል አልነበረም። ያለው ሰው 12ቱንም ይገዛና በየወሩ እያፈራረቀ ያደርጋል። አንድ ሰው አንድ ድንጋይ፣ እሱም የልደት ወሩ፣ የሚለው ልማድ የተጀመረው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖላንድ ውስጥ መሆኑን ጆርጅ ኩንዝ የሚባል አሜሪካዊ የዕንቁ አዋቂ እ.ኤ.አ. በ1913 ጽፏል።

ዛሬ በየወርቅ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምታዩት ዝርዝር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ተሰብስቦ ያጸደቀው ነው። ከዚያ ወዲህም አልተነካም አይባልም። በ1952 ተጨመረበት፣ ተቀየረለት። ታንዛናይት የተገኘው በ1967 ነው፣ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ አካባቢ። በ2002 የዲሴምበር ድንጋይ ሆነ። ስፒኔል የሚባለው ድንጋይ ደግሞ በ2016 የኦገስት ድንጋይ ሆኖ ገባ። እንግዲህ በ2001 ዲሴምበር የተወለደ ልጅ የልደት ድንጋይ የተጨመረለት ከተወለደ በኋላ ነው ማለት ነው።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ለካ ነጋዴ ነው የሠራው አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ዝርዝሩ አዲስ ነው፣ ፍቅሩ ግን አሮጌ ነው። ሰው ሁልጊዜ የተወለደበትን ቀን ከሆነ ዘላቂ ነገር ጋር ማሰር ይፈልጋል።

የስሞቹ ነገር ራሱ አንድ ንግግር ይወጣዋል፤ በአጭሩ ልለፈው። የጥንት ሰዎች ሰንፔር ሲሉ ብዙ ጊዜ ላፒስ ላዙሊን ነው፣ ያን ወርቅማ ነቁጥ ያለበትን ሰማያዊ ድንጋይ። ቶጳዝዮን ያሉት ዛሬ ፔሪዶት የምንለውን አረንጓዴ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚወጣውም ከግብጽ ዳርቻ ቀይ ባሕር ላይ ካለች ዘበርጋድ ከምትባል ደሴት ነበር። አሜቴስጢኖስ በግሪክኛ "የማይሰክር" ማለት ነው። ድንጋዩን ያደረገ ሰው ወይን አያሰክረውም ይሉ ነበር። የጃንዋሪው ጋርኔት ስሙ ከሮማን ፍሬ የመጣ ነው። ሮማን ከፍታችሁ ፍሬዎቹን ካያችሁ ምክንያቱን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

እኛስ? እኛ አገር የሰው ኮከብ የሚታወቀው በልደት ወር አይደለም። በስም ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደል ቁጥር ተደምሮ በ12 ይገደፋል፣ የሚተርፈው ኮከቡን ይነግራል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያለ እስከ ሑት። አምናችሁበትም ባታምኑበትም፣ ቤተ ክርስቲያን ብትቃወመውም፣ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በፈረንጁ ሂሳብ ዕጣህን የሚወስነው ቀኑ ነው፣ በእኛው ሂሳብ ግን የእናትህ ስም ውስጡ አለ። ይሄ ለእኔ ትልቅ ልዩነት ነው።

ድንጋዩንም ቢሆን እኛ በወር አናድለውም። ስም እናወጣበታለን። አልማዝ የሚባሉ ስንት እናቶች አሉን? አንዳቸውም አልማዝ የተባሉት ኤፕሪል ስለተወለዱ አይደለም። ወላጆቻቸው "ይቺ ልጅ ለኛ አልማዝ ናት" ስላሉ ነው። ዕንቁም፣ ሉልም እንደዚያው። ድንጋዩን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ለልጁ በስሙ ሰጣት። ከዚህ የበለጠ የልደት ድንጋይ ስጦታ አላውቅም።

አሁን ወደ አበባው ልምጣ። የልደት አበባ ዝርዝርም አለ። ጃንዋሪ ካርኔሽን፣ ጁን ጽጌረዳ፣ ኖቬምበር ክሪሳንተመም እያለ ይሄዳል። አበባን ቋንቋ አድርጎ መነጋገር፣ ይሄኛው ፍቅር ነው፣ ያኛው ኀዘን ነው ማለት፣ አውሮፓ ውስጥ በጣም የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ የምትባል እንግሊዛዊት ቀደም ብላ በ1710ዎቹ ከቁስጥንጥንያ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ቱርኮች በአበባና በዕቃ መልእክት ይላላካሉ ብላ ነበር። ፈረንሳዮች በ1819 መዝገበ ቃላቱን አሳተሙ። ከዚያ ተዛመተ።

የአበባው ዝርዝር ግን ከድንጋዩ ይልቅ ቦታ ይመርጣል። ድንጋይ የትም ቢሄድ ድንጋይ ነው። አበባ ወቅት አለው። በዝርዝሩ ላይ ለጃንዋሪ ከካርኔሽን ሌላ በረዶ ጥሶ የሚወጣ አበባም ተቀምጧል፤ ጃንዋሪ እኛ አገር ጥር ነው፣ ሠርግ ነው፣ ጥምቀት ነው፣ ፀሐይ ነው። ስለዚህ የአበባውን ዝርዝር እንዳለ መቅዳት ብዙም አያስኬደንም። አንድ ወር ላይ ግን ይገጥማል፣ ያውም እንዴት አድርጎ።

የሴፕቴምበር አበባ አስተር ነው። በግሪክኛ ኮከብ ማለት ነው። (የኛ አስቴሮች ስማቸው ሌላ ነው፣ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ንግሥት ነው። ግን የእሷንም ስም ከፋርሶች "ኮከብ" ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው።) በዚያው በመስከረም ተራራችንን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ ደግሞ ከአስተር ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሁለቱም ከአንድ የዕፅዋት ወገን ናቸው። መስከረም ሲጠባ አንዷን ቀጥፋችሁ ቀረብ አድርጋችሁ እዩዋት። አንድ አበባ ትመስላለች። መሐሏን ስታዩ ግን ደቃቅ ደቃቅ አበቦች ተሰብስበው፣ ተቃቅፈው ነው የምታገኙት፤ ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫ ቅጠሎች ራሳቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አበባ ናቸው። ልጆች ሆነን "አበባየሆሽ" እያልን ደጅ ለደጅ ስንዞር በእጃችን የያዝነው አንድ እቅፍ ውስጥ ስንት ሺህ አበባ እንደነበር አስቡት።

በዓሉስ ማን ይባላል? ዕንቁጣጣሽ። አባቶች ሲያወሩ፣ ንግሥተ ሳባ ከሰሎሞን ዘንድ ስትመለስ መኳንንቱ "ዕንቁ ለጣጣሽ" ብለው ዕንቁ ሰጧት፣ ስሙ ከዚያ ቀረ ይባላል። ስሙ ዕንቁ፣ እጁ ላይ አበባ የሆነ በዓል ሌላ የት እንዳለ አላውቅም። ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም 20 ለተወለዳችሁ፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ የወሩ ድንጋይ ሰንፔር ነው። ሰንፔር ደግሞ ከአስር ዓመት ገደማ በፊት ከአክሱም ብዙም በማይርቀው ጭላ ተገኝቷል። እንግዲህ ለእናንተ አበባውም ድንጋዩም የአገር ቤት ነው።

የኦክቶበር ልጆች፣ በአብዛኛው ዓመት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 የተወለዳችሁ፣ እናንተም አትቀሩም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ዘመነ ጽጌ ነው። ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ የተሰደደችው ይታሰባል፣ እሷም ልጇም በአበባ ይመሰላሉ። ይህን ወቅት ጠብቀው የተወለዱ ልጆች ስም ማውጫ አያጡም፤ ጽጌ ይባላሉ። የአክስቴም ስም የመጣው ከዚያ ነው። የልደት አበባቸውን ከተወለዱ ጀምሮ ይዘውት ኖረዋል፣ ማንም ዝርዝር ሳያሳያቸው።

ድንጋዩን ደግሞ ልንገራችሁ። ወሎ ውስጥ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል በብዛት የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ1986 ዓ.ም. ገደማ ከመንዝ በኩል ቡናማ ኦፓል ተገኝቶ ነበር። የደላንታው ግን ዓለምን አነቃነቀ። ቦታው ገደል ነው። ያ አምባ በጥንት እሳተ ገሞራ የተደራረበ ነው፤ በንብርብሮቹ መሐል ውሃ አሸዋን የሠራውን ዓይነት ንጥረ ነገር፣ ሲሊካን፣ አሟሙቶ ይዞ ገባ፣ በጣም በቀስታ ረጋ፣ ደነደነ። ወጣቶቹ የገደሉን ፊት በእጅ መሣሪያ እየቦረቦሩ ዋሻ ይገባሉ። አፈር ተንዶባቸው የቀሩ አሉ። ቀለበት ስሠራ ይህን አልረሳም።

ቀለሙ የሚመጣው ከቀለም አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። ውስጡ እኩል እኩል የሆኑ ደቃቅ የሲሊካ ኳሶች እንደ ገበያ ብርቱካን ተደርድረው ተገኙ። ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ቢሆኑ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ብርሃን በኳሶቹ መሐል ሲያልፍ ይበታተናል፤ ትልልቆቹ ቀይ ይሰጣሉ፣ ትንንሾቹ ሰማያዊ። ውሃ ክፍተቱን ሲሞላው ደግሞ ብርሃኑ ልዩነት አጥቶ ዝም ብሎ ያልፋል። ጠበሉ ያደረገው ይህንን ነው። ማጋለጥ አልነበረም።

ስለዚህ የምትገዙ ሰዎች ይህን ያዙልኝ። የደረቀ የወሎ ኦፓል ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ነጋዴዎች በምላሳቸው ሲነኩት ካያችሁ ውሃ መጠጣቱን እየፈተኑ ነው። ውሃ ከጠጣ ደግሞ ዘይትም ሽቶም ሳሙናም ይጠጣል። ውሃው ይወጣል፣ ዘይቱ ግን ላይወጣ ይችላል። ወጥ ስትሠሩ፣ ሊጥ ስታቦኩ፣ ፀጉር ስትቀቡ አውልቁት። ጥቁር ኦፓል ሲቀርብላችሁ በጭስ የጠቆረ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ፤ ስታይሽ ከሚባል ቦታ የወጣ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ አለ፣ ብዙው ግን በጭስ ነው የሚጠቁረው። በጭስ መጥቆሩ ነውር የለውም። አለመናገሩ ነው ነውሩ። ኦፓል ከሰንፔር ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይከተትም።

መጨረሻ ላይ ጥያቄ ስንቀበል አንዲት ልጅ ከኋላ ተነስታ የጠየቀችኝን እዚህ ላይ ልጨምረው፣ ምክንያቱም ከንግግሬ ሁሉ እሷ ናት ውስጤ የቀረችው። አባቷ አሜሪካ ነው የሚኖረው። የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጻፈለት። እንደ እሱ ያሉ ብዙ የኛ ሰዎች አሉ። "ጋርኔት ልግዛለት ወይስ አይሆንም?" አለችኝ።

እናቱ ስለ ልደቱ ምን ትል እንደነበር ጠየቅኳት። "ጤፍ ሲያሸት ነበር ትል ነበር" አለች። እንግዲያው ጥቅምት ወይ ኅዳር ነው አልኳት። ሁሉም ሰው ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ኦፓል ትወስድለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ውሃ እንደሚጠጣ እንድትነግረው ነገርኳት።

አክስቴ ቀለበቱን ዛሬም ያደርጉታል። ባለፈው አብሬያቸው ጠበል ሄጄ ነበር። ከመግባታቸው በፊት ቀለበቱን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ነጠላውን ለኔ ሰጡኝ። አጠገባቸው ለቆሙት ሴት ደግሞ ረጋ ብለው "ውሃ ስለሚወድ ነው፤ ከጠጣ አራት ቀን ይተኛል" ብለው ያስረዱ ነበር።